ማኅፀንን የዘጋው ማን ነው?

በሱዳን ጠረፍ፣ ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ፣ ከኮኪት እስከ ቋራ ቆላ፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ስትነሣ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም አፍ የሚወጣው ቃል አንድ ነው፤ «ፈጣሪ አልሰጣትም»። ቃሉ ብዙ ጊዜ ለማጽናናት ይነገራል፤ ክፋት የለበትም። ከማጽናናት አልፎ ፍርድ የሚሆንበት ጊዜ ግን አለ። ሴቲቱ ወደ ጎንደር ወጥታ ልትመረመር፣ ካስፈለገም በቀዶ ሕክምና ልትታከም ስታስብ «ፈጣሪ የዘጋውን ሐኪም ሊከፍተው?» ትባላለች። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በፌዝም በንቀትም ሊታለፍ አይገባውም። ነገር ግን ከመመለሱ በፊት ሊመረመር የሚገባው በውስጡ የያዘው እምነት ነው፤ የዘጋው ማን እንደሆነ ታውቋል ይላልና። የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። በቆላው አገር ማኅፀን ሲዘጋ ብዙውን ጊዜ የሚታይና የሚነገር ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ከሰው ሥራ፣ ከሰው ቸልታ የመጣ ነው። ሰው ያቆሰለውን በፈጣሪ ማሳበብ ትሕትና ይመስላል እንጂ በእርሱ ላይ በሐሰት መመስከር ነው።

ምክንያቱን እንይ። የሴቷ እንቁላልና የወንዱ ዘር የሚገናኙት በማኅፀን ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦው ቀጭን ነው፤ ውስጡን የሸፈኑት ረቂቅ ፀጉሮች እንቁላሉን ወደ ማኅፀን ያደርሳሉ። ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ሳይታከም ቀርቶ ወደ ላይ ሲወጣ እነዚህ ፀጉሮች ይጎዳሉ፤ ቁስሉ ሲሽር ጠባሳው ቱቦውን ያጣብቀዋል። ከወሊድ በኋላ የሚከተል ኢንፌክሽን፣ ንጽሕና በጎደለው እጅ የተፈጸመ ውርጃ፣ የማኅፀን ቲቢም ወደዚያው ያደርሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በብዙ አገሮች ያስጠናውና በ1985 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ውጤት፣ ከተመረመሩት የአፍሪካ ሴቶች ከ100 ከ85 በላይ የሆኑት መካንነታቸው ከኢንፌክሽን ጋር የተያያዘ እንደነበር አሳይቷል፤ በዓለም ደረጃ ግን ቁጥሩ ከ100 33 ነበር። በስዊድን ሉንድ ከተማ ለዓመታት የተካሄደውና በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ደግሞ የቱቦ ኢንፌክሽን አንድ ጊዜ ካገኛቸው ሴቶች 8 በመቶ ያህሉ፣ ሁለት ጊዜ ካገኛቸው 20 በመቶ ያህሉ፣ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ካገኛቸው 40 በመቶው በቱቦ መዘጋት ሳይፀንሱ መቅረታቸውን መዝግቧል። ጥናቶቹ ከመተማ ርቀው የተሠሩ ናቸው፤ ሕመሙ የሚሄድበትን መንገድ ግን ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ። ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ በየዓመቱ ብዙ ሺህ ወጣት ከደጋ ወደሚወርድበት፣ የጭነት መኪና ወደ ሱዳኗ ገላባት ለመሻገር ተራ ወደሚጠብቅበት፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም የሱዳን ጦርነት ያሳደደው ሕዝብ ወደሚገባበት አገር ሕመሙ ሲመጣ አብሮት የሚመጣው መድኃኒት ጥቂት ነው። ከቤቷ ፈቀቅ ያላለችው ሚስት እንኳ ባሏ ይዞት የመጣው ይደርሳታል፤ በሴት ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። ከዓመታት በኋላ ሳትፀንስ ስትቀር የሚጠየቀው የእርሷ ኃጢአት ነው።

ቀዶ ሕክምና በዚህ ጠባሳ ላይ ምን ማድረግ ይችላል? ከልክ በላይ ተስፋ መስጠትም በደል ስለሆነ እንደ ሆነው እንናገር። ሐኪሙ በቅድሚያ ቀለም ወደ ማኅፀን ጨምሮ በኤክስሬይ ቱቦው ክፍት መሆኑን ያያል። በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በሆድ ላይ በሚከፈቱ ትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ በሚሠራ ቀዶ ሕክምና፣ ቱቦውን ከዙሪያው ያጣበቀውን ጠባሳ ማላቀቅና የተዘጋ ጫፉን መክፈት ይቻላል። ጉዳቱ ቀላል ከሆነ ብዙ ሴቶች ከዚህ በኋላ በራሳቸው ይፀንሳሉ፤ የቱቦው ግድግዳ ከወደመ ግን ተስፋው ይመነምናል። ውሃ ቋጥሮ ያበጠ ቱቦ አንዳንዴ ተቆርጦ መውጣት አለበት፤ ውሃው ወደ ማኅፀን እየወረደ ከአካል ውጭ የተዳቀለው ፅንስ እንዳይያዝ ያደርጋልና። ወደ ማኅፀን ውስጥ ገፍቶ የገባ ማዮማ (የማኅፀን እጢ) ይወጣል፤ ከማኅፀን ጠረጋ በኋላ የተጣበቀ የውስጥ ግድግዳ በማኅፀን በር በሚገባ ካሜራ ይላቀቃል። አንድ ነገር ደግሞ ለመተማ ሴት ሊነገራት ግድ ነው። ቱቦዋ የተጠገነላት ሴት ከማኅፀን ውጭ የማርገዝ አደጋዋ ከሌላው ይጨምራል፤ እንዲህ ያለው እርግዝና ሲፈነዳ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ወደ ጎንደር ያለው መንገድ ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ግጭትና እገታም በየጊዜው አስጊ አድርጎታል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወር አበባዋ የቀረ ዕለት ፈጥና መታየት እንዳለባት ያልነገራት ሐኪም ሥራውን አልጨረሰም።

አሁን ወደ ተቃውሞው። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ በሐና ታሪክ እግዚአብሔር ማኅፀኗን እንደዘጋ ይናገራል፤ ቁርኣንም አላህ የሻውን መካን እንደሚያደርግ በሹራ ምዕራፍ ያስተምራል። ይህን ማስተባበል አልፈልግም። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ቃሉ ለማን እንደተነገረና ምን እንዳስከተለ ነው። ሐና ማኅፀኗ መዘጋቱን ሰምታ ዝም አላለችም፤ ወደ ሴሎ ወጥታ ለመነች። በታሪኩ የተሳሳተው ልመናዋን ስካር መስሎት የገሠጻት ካህኑ ዔሊ ነው። ግንቦት 1 ቀን ልደታን ስናከብር የምናስባቸው የእመቤታችን ወላጆች ኢያቄምና ሐናም በመካንነታቸው የተናቁ ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያን የምታከብረው ግን የናቋቸውን አይደለም። በእስልምናም ዘከሪያ በእርጅናው ለምኗል፤ ነቢዩም ስለ መታከም ለጠየቋቸው ሰዎች እንዲታከሙ መክረዋል። ሁሉን የሚችል ፈጣሪ አለ ማለት የእያንዳንዷን ሴት ጠባሳ ምክንያት እናውቃለን ማለት አይደለም። በዚያው ቆላ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር ያገኘውን ወጣት «የአምላክ ፈቃድ ነውና ጎንደር አትውሰዱት» የሚል ቄስም ሼህም የለም። ለአሸዋ ዝንቧ በሽታ የፈቀድነውን ለጨብጥ ጠባሳ የምንከለክለው ሃይማኖት ስላዘዘን አይመስለኝም፤ ማኅፀን ላይ ዘርና ርስት፣ ክብርና ነውር ስለተጫነ ነው።

«ጠበል አለ፣ ስለት አለ፣ ዱዓ አለ» ለሚለውም መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን፣ ታማሚ መጸለይም ለሐኪም ስፍራ መስጠትም እንዳለበት ያስተምራል። ጸሎትና ቀዶ ሕክምና የሚጣሉት እኛ ስናጣላቸው ነው። ከአካል ውጭ ማዳቀል የራሱ ከባድ ጥያቄዎች አሉት፤ የአል አዝሃር ሊቃውንት በ1980 እ.ኤ.አ. በባልና በሚስት መካከል ብቻ ሲፈቅዱት፣ ቫቲካን በ1987 አልተቀበለውም። የተጣበቀን ቱቦ ማላቀቅ ግን ሦስተኛ ሰው አያስገባም፣ ፅንስም አይመርጥም፤ የቆሰለውን ወደ ነበረበት መመለስ ነው። ቫቲካን እንኳ ተፈጥሮን የሚያግዝ ሕክምናን አልከለከለም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው። ቀዶ ሕክምናን እንዲህ ስናወድስ ልጅ የሌላት ሴት ያልተጠገነች ጎዶሎ ሰው ናት ማለታችን አይሆንም? ትናንት «ለምን አልጸለየችም» ስትባል የነበረች፣ ነገ «ለምን አልታከመችም» እየተባለች ሁለተኛ ጊዜ ሊፈረድባት ይችላል። ይህ እውነተኛ አደጋ ነው። የአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል በመንግሥት ሆስፒታል የመጀመሪያው ሆኖ በ2011 ዓ.ም. ሲከፈት ትልቅ በር ተከፍቷል፤ ሆኖም ለመተማ ሰሊጥ አራሚ አዲስ አበባ ሩቅ ነው፣ ለምርመራና ለመኝታ የሚወጣው ገንዘብም የዓመት ሰሊጥ ይበላል። ስለዚህ «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ማለት የሚገባት እርሷ ብቻ ናት። የሚታወቀው ተነግሯት፣ የሚቻለውና የማይቻለው ተለይቶላት «በቃኝ» ብትል ያ መቀበል የእምነት ክብር አለው። ሳትጠየቅ በአማት ወይም በባል አፍ የተባለላት ግን መቀበል አይደለም፤ ተጭኖባት ነው።

ባሉንም ከዚህ ውጭ ማድረግ አይቻልም። ልጅ መውለድ ካልቻሉ ጥንዶች መካከል በግማሽ ያህሉ የወንዱም ችግር አለበት፤ የዘር ምርመራ ደግሞ ቢላ የሌለበት፣ ከላፓሮስኮፒ እጅግ ርካሽ የሆነ ምርመራ ነው። ሴቲቱ ሆዷ ከመከፈቱ በፊት ባል ሊመረመር ሲገባው፣ ሳይመረመር ሁለተኛ ሚስት ያገባል። ጨብጥ ሲገኝም ሁለቱ አብረው ካልታከሙ የሴቲቱ መድኃኒት ከንቱ ነው፤ በሽታው ከባሏ ተመልሶ ያገኛታል፣ የሉንዱ ቁጥርም ከ8 ወደ 20፣ ከ20 ወደ 40 የወጣው በተደጋጋሚ በመያዝ ነበር። የነፍስ አባትና የመስጊድ ኢማም በዚህ ጉዳይ ከሐኪም የሚበልጥ ሥልጣን አላቸው። ሚስቱን ሊፈታ የመጣን ባል «መጀመሪያ አንተ ተመርምረሃል?» ብለው መጠየቅ ይችላሉ፤ አለመመርመሩን ከነገራቸውም ፍቺውን ከመስማታቸው በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ሊልኩት ይችላሉ።