«ሕዝብ» የሚባለው ማን ነው?

በምሥራቅ ስዊዘርላንድ፣ አፐንዜል ኢነርሮደን በምትባለው ትንሽ ካንቶን፣ በሚያዝያ ወር መጨረሻ ሕዝቡ አደባባይ ይወጣል። እጁን እያነሣ ሹሞቹን ይመርጣል፤ ሕግ ያጸድቃል። ወንዶቹ ጎራዴ ይዘው ይመጣሉ፤ ጎራዴው ድምፅ ለመስጠት መብት እንዳላቸው ምስክር ነው። የጄኔቫው ተወላጅ ዣን ዣክ ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1762 ባሳተመው «ማኅበራዊ ውል» የሕዝብ ሉዓላዊነት በእንደራሴ አይተላለፍም ብሎ ተሟግቷል። ለዚህ ሐሳብ ከአፐንዜሉ ጉባኤ የቀረበ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ይሁንና እስከ 1990 ድረስ በዚያ አደባባይ የሴት እጅ አልተቆጠረም።

የስዊዘርላንድ ወንዶች በ1959 ሴቶች በፌዴራል ምርጫ እንዳይሳተፉ ከሦስት ሁለት እጅ በሚሆን ድምፅ ወሰኑ፤ በ1971 ደግሞ በተመሳሳይ ብልጫ ፈቀዱ። የአፐንዜል ወንዶች ግን በካንቶናቸው ጉዳይ እንደጸኑ ቆይተው፣ በሚያዝያ 1990 አሁንም «አይሆንም» አሉ። ነገሩ ሎዛን ወደሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ፈረደ፦ የወንድና የሴት እኩልነት በ1981 በሕዝብ ድምፅ በፌዴራል ሕገ መንግሥት ገብቷልና፣ የካንቶኑ ሕገ መንግሥት «ዜጎች» ሲል ሴቶችንም ማለቱ ነው።

በሕዝብ ላይ ዳኛ ተሾመ የሚል ሰው ቢኖር አይገርምም። ግን ዳኞቹ ሕዝቡን በገዛ ቃሉ ያዙት እንጂ አዲስ ቃል አልጫኑበትም። ደግሞስ ወንዶቹ የወሰኑት በራሳቸው ላይ ነበር? ሰው ራሱን ሲገዛ ሉዓላዊ ነው፤ ደጅ ባስቀረው ሰው ላይ ሲወስን ግን ገዢ ሆኗል። ሺህ እጅ ቢነሣ ይህን አይለውጠውም።

ሁሉም በደል እንዲህ መድኃኒት አያገኝም። በ2009 የስዊዘርላንድ ሕዝብ አዲስ የመስጊድ ሚናሬት እንዳይሠራ በ57.5 በመቶ ድምፅ ወሰነ። በአገሩ የነበሩት ሚናሬቶች አራት ብቻ ነበሩ። ከሙስሊም ነዋሪዎች ብዙዎቹ የውጭ ዜጎች በመሆናቸው ድምፅ መስጠት አይችሉም ነበር። ክልከላው ዛሬም በሕገ መንግሥቱ አለ።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 8 ሉዓላዊነት በተመረጡ ተወካዮችና በቀጥታ ዴሞክራሲያዊ ተሳትፎ እንደሚገለጽ ይደነግጋል። እንግዲህ ሕዝበ ውሳኔ በተጠራ ቁጥር ዜጋው ከውጤቱ አስቀድሞ መዝገቡን ይጠይቅ፦ ውሳኔው የሚነካው ሰው ሁሉ ስሙ ሰፍሯል?