ባለጸጎቹ፣ በሩና ሴናተሩ

በኒውዮርክ ከተማ ሁለት ባለጸጎች ነበሩ፤ ማክስ ብላንክና አይዛክ ሃሪስ ይባላሉ። ከሩሲያ ግዛት ተሰደው የመጡ፣ የድሃ ስደተኛን ኑሮ በገዛ ትከሻቸው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ጊዜ ቀናቸውና የሴቶች ሸሚዝ የሚያመርት ፋብሪካ አቆሙ፤ ሀብታቸው ሲገንን ሰው “የሸሚዝ ነገሥታት” ይላቸው ጀመር። ትራያንግል የተባለው ፋብሪካቸው የአንድ ባለ 10 ፎቅ ሕንፃ የላይኞቹን ሦስት ፎቆች ይዟል። የስፌት መኪናዎቹ ላይ የሚያጎነብሱት አብዛኞቹ የአይሁድና የጣሊያን ስደተኛ ልጃገረዶች ሲሆኑ፣ ገና 14 ዓመታቸው የሆኑም ነበሩባቸው።

ባለጸጎቹ አንድ ፍርሃት ነበራቸው። እሳት እንዳይመስላችሁ፤ እሳቱንስ መድን ገብተውለታል። የሚፈሩት ሌባ ነው።

ስለዚህ ማታ ሥራ ሲያበቃ ልጃገረዶቹ በግሪን ጎዳና በኩል ባለው በር ብቻ ተሰልፈው ይወጣሉ። በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል። እያንዳንዷ ቦርሳዋን ከፍታ ታሳየዋለች፤ ዳንቴል ወይም የተሰፋ ሸሚዝ ሸጉጣ እንደሆነ ያያል። ቀኑን ሙሉ መቶ ሸሚዝ ያለፈበት እጅ አንዱን ይዞ እንዳይሄድ ነው ነገሩ። በዋሽንግተን ፕሌስ በኩል ሌላ በርና ደረጃ አለ፤ እሱን ግን ይቆልፉታል። ሁለት በር ሁለት ዘበኛ ይፈልጋላ!

በ1909 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቁጠሩልኝ) በከተማው ያሉ የሸሚዝ ሰፊዎች በሺዎች ሆነው አድማ መቱ፤ የትራያንግል ልጆችም አብረው ወጡ። አድማ መቺዎቹ በፖሊስና በቅጥር ጉልበተኛ ተደበደቡ፤ ብዙዎቹም ታሰሩ። ባለጠጋ ወይዛዝርት ሳይቀሩ ከአድማው ሰልፍ ገብተው ዋስ ሆነዋቸዋል። ብዙ ፋብሪካዎች ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ተዋዋሉ። ትራያንግል ግን ለማኅበሩ ሳይፈርም ልጆቹን ወደ መኪናቸው መለሳቸው፤ በሩም እንደነበረ ቀጠለ።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። የእነዚህ ሰዎች ነገር ግን ተገላቢጦሽ ሆነና ያልፈሩት ደረሰ። ማርች 25 ቀን 1911፣ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ40 ገደማ፣ ልጆቹ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው፣ በ8ኛው ፎቅ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ከተከማቸው ቁርጥራጭ ጨርቅ እሳት ተነሣ። አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ስልክ አንሥታ ወደ 10ኛው ፎቅ ደወለች። ባለቤቶቹ ያሉት እዚያ ነው። እነሱም በጣሪያው ወጥተው ወደ ጎረቤት ሕንፃ ተሻገሩና ተረፉ። ለ9ኛው ፎቅ የደወለ የለም። ከ200 የሚበልጡ ሠራተኞች የተቀመጡበት ፎቅ እሳቱን ያወቀው ከእሳቱ ከራሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባሳጥረው ይሻላል። የዋሽንግተን ፕሌሱ በር አልከፈት አለ። በጓሮ ያለው የብረት ደረጃ ሰው ሲበዛበት ተጣምሞ ተናደ። እሳት አደጋዎች ፈጥነው ደረሱ፤ መሰላላቸው ግን 6ኛው ፎቅ ላይ አለቀ። ጆሴፍ ዚቶ የተባለው የሊፍት ሠራተኛ ሊፍቱ እስኪያቅተው ድረስ እየተመላለሰ የቻለውን አወረደ። ብዙዎች በመስኮት ዘለሉ። 146 ሰው ሞተ።

በዲሴምበር ሁለቱ ባለጸጎች ፍርድ ቤት ቆሙ። ከፍርስራሹ የተገኘ የበር ቁልፍ፣ መወርወሪያው ወጥቶ እንደተቆለፈ፣ ለዳኞቹ ታየ። ሃሪስ ሠራተኞች ስንት ይሰርቁህ ነበር ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከ25 ዶላር እንደማይበልጥ በአፉ ተናገረ። ጠበቃቸው ግን ብርቱ ነበር፤ ጥያቄውም “በሩ በዚያች ሰዓት መቆለፉን እነሱ ያውቁ ነበር ወይ?” ወደሚል ጠበበ። ነጻ ወጡ። መድን ድርጅቶቹ ከፈሏቸው። ካሳ ጠይቀው ለተሟገቱ ቤተሰቦች በ1914 ለአንድ ሟች 75 ዶላር ተሰጠ።

ተረት ቢሆን እዚህ ላይ መልአክ ይወርድ ነበር። ኒውዮርክ ላይ የወረደ መልአክ የለም፤ የመጡት የታማኒ ሆል ሰዎች ናቸው።

ታማኒ ማለት ከተማውን በድምፅ ግዢ፣ በሹመትና በጉርሻ የያዘ የፖለቲካ ማሽን ነበር። የዘመኑ ለውጥ ፈላጊዎች፣ ሰባኪው፣ ፕሮፌሰሩ፣ ሙስና አጋላጩ ጋዜጠኛ ሁሉ፣ ጸሎታቸው ታማኒ እንዲፈርስ ነበር። ከቃጠሎው በኋላ ፋብሪካዎችን የሚመረምር ኮሚሽን ሲቋቋም ግን እንዲመሩት የተሾሙት ሁለት የታማኒ ልጆች ሆኑ። ሰብሳቢው ሴናተር ሮበርት ዋግነር በልጅነቱ ከጀርመን የመጣ ስደተኛ ነው። ምክትሉ አል ስሚዝ ደግሞ ትምህርቱን በልጅነቱ አቋርጦ ዓሣ ገበያ ውስጥ ሲሠራ ያደገ። የተቃጠሉት ልጆች አባቶችና ወንድሞች ድምፅ የሚሰጡት ለእነሱ ነው፤ ልጃገረዶቹ ራሳቸው ገና ድምፅ የላቸውም። ከሐዘኑ ጋር ስሌትም ነበረበት ብል ሐሜት አይሆንብኝም።

እዚህ ላይ ፍራንሲስ ፐርኪንስ የምትባል ሴት ትገባለች። በቃጠሎው ቀን እዚያው ሰፈር ወዳጇ ቤት ሻይ ስትጠጣ ጩኸት ሰምታ ሮጠች፤ ልጆቹ ከመስኮት ሲዘሉም አየች። ከኮሚሽኑ ጋር ስትሠራ አንድ ነገር ገብቷት ነበር፦ ሪፖርት ያነበበ ሹም ራሱን ነቅንቆ ዝም ይላል። ስለዚህ ወረቀቱን ትታ ሰዎቹን ይዛ ዞረች። ስሚዝን ወደ ገመድ ፋብሪካ ወሰደችው፤ ሴቶቹ ሌሊቱን አሥር ሰዓት ሠርተው ጎሕ ሲቀድ ፊታቸው ገርጥቶ ሲወጡ በሩ ላይ ቆሞ እንዲያያቸው። አትክልት በሚታሸግበት ፋብሪካ የ5፣ የ6ና የ7 ዓመት ሕፃናት ባቄላ ሲቀነጥቡና አተር ሲፈለፍሉ የኮሚሽኑ አባላት በዓይናቸው አዩ።

ከሁሉ የምወደው ግን ይኼኛውን ነው። አንድ ፋብሪካ “የእሳት ማምለጫ” ተብሎ የተጻፈበት መውጫ ነበረው። ግድግዳው ላይ ያለ ትንሽ ቀዳዳ ሲሆን፣ በስተውጭ በረዶ የጋገረበት መሰላል ተደግፎበታል፤ እሱም ከመሬት 12 ጫማ ያህል ሲቀረው ያልቃል። ፐርኪንስ ሴናተር ዋግነርን በዚያ እንዲያልፍ አደረገችው። የኒውዮርክ ሴኔት የብዙኃን ፓርቲ መሪ፣ ክቡርነታቸው፣ ተስበው በቀዳዳው ሾለኩ። ግመል በመርፌ ቀዳዳ ሲያልፍ ያየ የለም፤ የታማኒ ሴናተር ግን አልፏል።

ከዚያ በኋላ በሦስት ዓመት ግድም ከ30 በላይ ሕጎች ወጡ። የፋብሪካ በር በሥራ ሰዓት አይቆለፍም፤ ወደ ውጭ ይከፈታል። በረጃጅም ሕንፃዎች ከጣሪያ ውኃ የሚረጭ ቧንቧ ይዘረጋል፤ ሠራተኞች ከእሳት የማምለጥ ልምምድ ያደርጋሉ። የሴቶች የሳምንት ሥራ ከ54 ሰዓት እንዳይበልጥ ተወሰነ። ባለፋብሪካዎቹ ግን “ኢንዱስትሪው ጠፋ፣ ከከተማው ለቀን እንሄዳለን” ብለው ጮኹ። ስሚዝ በኋላ አገረ ገዥ ሆነ። ዋግነር በፌዴራሉ ሴኔት ሠራተኛ እንዲደራጅ መብት የሚሰጠውን የ1935ቱን ሕግ በስሙ አስጠራ። ፐርኪንስ በ1933 የሠራተኛ ሚኒስትር ስትሆን በአሜሪካ ካቢኔ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች።

ማክስ ብላንክስ? ሌላ ፋብሪካ ከፍቶ ነበር። በ1913 በሥራ ሰዓት በር ቆልፎ ተገኘና ዳኛ ፊት ቀረበ። 20 ዶላር ተቀጣ፤ ከሃሪስ 25 ዶላር አምስት ያንሳል። ከፈለና ወደ ፋብሪካው ተመለሰ።