ወላጅነት በሥጋ ነው ወይስ በቃል ኪዳን?

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር በስሙ የሚጠራለት፥ በእርጅናው የሚጦረው፥ ከሞተም በኋላ ተዝካሩን የሚያወጣለት ልጅ ይመኛል። ምኞቱ በተፈጥሮ የተሰጠ ነውና አይነቀፍም። ነገር ግን ከአብራኩ ያልተከፈለውን ሕፃን «ልጄ ነህ» የሚል ሰው በእውነት አባት ነውን? ወይስ አባት የሚባለው ዘሩን የሰጠው ብቻ ነው? ይህ ጥያቄ በሩቅ አገር ያሉ የሕግ ሊቃውንትን ብቻ የሚያከራክር አይደለም፤ በአርጆም ርስት በሚከፈልበት ቀን በሽማግሌ ፊት የሚቀርብ ነው።

የወለጋ ሰው ለዚህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ መልስ አለው፤ መልሱም ጉዲፈቻ ይባላል። ቃሉ ማሳደግን ከሚያመለክት የኦሮምኛ ቃል የወጣ ሲሆን፥ ከአንድ አገር ልማድነት አልፎ ዛሬ የመላው ኢትዮጵያ የሕግ ቃል ሆኗል። በዚህ ሥርዓት ሰው የሌላውን ልጅ በዘመድና በሽማግሌ ፊት ይቀበላል፤ ልጁም በአሳዳጊው ስም ይጠራል፥ ከጎሣው ይቆጠራል፥ እንደ አብራክ ልጅም ይወርሳል። በአማራውም አገር አሳዳጊው ጣቱን ማር አስነክሮ ሕፃኑን በማጥባት የጡት ልጅ የሚያደርግበት ልማድ ነበረ።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ይህን ልማድ ያጸኑታል። መርዶክዮስ እናትና አባት የሞቱባትን አስቴርን እንደ ልጁ አሳደገ። ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር በአረጋዊው በዮሴፍ በኩል ያወርደዋል፤ ለሕፃኑም ስም እንዲያወጣ የታዘዘው ዮሴፍ ነው። እኛም ብንሆን በጥምቀት የጸጋ ልጆች ነን እንጂ የባሕርይ ልጆች አይደለንም። ወንዱ በ40 ቀን፥ ሴቲቱም በ80 ቀን ስትጠመቅ የክርስትና አባት ወይም እናት የሚቆምላቸው፥ ያለ ሥጋ መወላለድ እንዳለ ቤተ ክርስቲያን ስለምታምን ነው። ስለዚህ ወላጅነት በቃል ኪዳን ይጸናል ማለት እንግዳ ትምህርት አይደለም።

ይሁን እንጂ ሌላም ታሪክ አለ። ሣራ መካን በሆነች ጊዜ በአገልጋይዋ በአጋር በኩል ልጅ ለማግኘት አሰበች፤ ይስማኤልም ተወለደ። ይስሐቅ በተወለደ ጊዜ ግን ይስማኤል ከእናቱ ጋር አንድ አቁማዳ ውኃ ይዞ ወደ ምድረ በዳ ተሰደደ፤ እግዚአብሔርም የብላቴናውን ድምፅ ሰማ። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ልጅ ለትልልቆች ናፍቆት መድኃኒት ሆኖ ብቻ የተፈለገ እንደ ሆነ፥ ናፍቆቱ በሌላ መንገድ በተፈጸመ ቀን ልጁ ትርፍ ሆኖ ይቀራል። በእኛም ዘንድ አሳዳጊው ሲሞት ወንድሞቹ ተነሥተው «ደሙ ከእኛ አይደለም» የሚሉበት ቀን አለ። ያን ቀን የሚፈተነው የልጁ ደም አይደለም፤ የሟቹ ቃል ኪዳንና የምስክሮቹ ሃይማኖት ነው።

የአገራችንም ሕግ ይህን አይቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻን ልጅ እንደ ተወላጅ ልጅ ይቆጥረዋል፤ ስምምነቱ በፍርድ ቤት እንዲጸድቅ ያዛል፤ አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ የያዘው እንደ ሆነ ወይም ይህን የመሰለ ክፉ ነገር ካላደረሰበት በቀር ጉዲፈቻው አይፈርስም ይላል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ልጆች ለውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ እንዳይሰጡ በሕግ ተከለከለ።

ዛሬ ነገሩ ከጉዲፈቻ አልፏል። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. ልጅ ላጡ ባለትዳሮች የሚረዳ የሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። በሌላው ዓለም ግን ባልና ሚስት ያልሆነ የሦስተኛ ሰው ዘር ተወስዶ ልጅ ይወለዳል። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 በወጣው ሕግ፥ በዚህ መንገድ ለተወለደ ልጅ ሁለት ሴቶች ወላጆች ተብለው መመዝገብ ይችላሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ጋብቻ የምታስተምረው፥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በተክሊልና በቁርባን አንድ ሥጋ እንዲሆኑ፥ የታወቀ ነውና በዚህ አንመላለስበትም። ነገር ግን የተወለደው ሕፃን በተወለደበት መንገድ በደለኛ አይባልም፤ ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ሲጠየቅ የሰጠውን መልስ እናስታውስ።

በዚያ አገር ከሚያዝያ 1 ቀን 2005 ጀምሮ በሰጡት ሰዎች ዘር የተወለደ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው ዘር የሰጠው ሰው ማን እንደ ሆነ ጠይቆ ማወቅ ይችላል። ሕጉ ወደዚህ የደረሰው ምስጢሩ ልጁን እንደሚጎዳ ስለ ታየ ነው። እኛ ግን ይህን ከአባቶቻችን ሰባት ቤት ቆጠራ እናውቀዋለን። ምንጩን ያልተነገረው ሰው ሰባት ቤት እንዴት ይቆጥራል? ሳያውቅ እኅቱን ቢያገባስ ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል? የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በ36ኛው አንቀጽ ልጅ ወላጆቹን ወይም በሕግ የማሳደግ ኃላፊነት ያለባቸውን ሰዎች የማወቅ መብት አለው ይላል።

«ልጁ እውነቱን ቢያውቅ ፍቅሩ ይቀዘቅዛል» የሚሉ አሉ። አስቴር ግን የወላጆችዋን ሞት አውቃ ሳለ፥ ንግሥት ከሆነችም በኋላ፥ ለመርዶክዮስ በቤቱ ሳለች እንደምትታዘዘው ትታዘዘው ነበር። ፍቅርን የሚያቀዘቅዘው እውነት ሳይሆን፥ እውነቱ በጠላት አፍ፥ በርስት ክርክር ቀን፥ እንደ ስድብ ሆኖ ሲሰማ ነው።

እንግዲህ ወላጅነት የወላጅ ሀብት አይደለም፤ ለልጁ የሚከፈል ዕዳ ነው። ዕዳውም ሦስት ነው፤ ስም፥ ርስትና እውነት። ዘሩን ሰጥቶ እነዚህን የነሣ ወላጅ አባትነቱን አጉድሏል፤ ዘሩን ሳይሰጥ እነዚህን የከፈለ ግን አባት ነው። ካህናት ሆይ፥ የንስሐ ልጆቻችሁ ልጅ ሲቀበሉ በሽማግሌ ፊት ብቻ ሳይቀሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደው እንዲያጸድቁ ምከሯቸው። ልጁም ነፍስ ሲያውቅ ምንጩን በፍቅር ይንገሩት። በሟች ቤት ክርክር ቢነሣ ለቃል ኪዳኑ መስክሩ፤ የምስክርነት ዝምታ ይስማኤልን ወደ ምድረ በዳ መስደድ ነውና።

የድሀ አደጎች አባት እግዚአብሔር ቃላችንን የምንጠብቅ ያድርገን፤ አሜን።