የሚያስፈራ ሕፃን

ሕፃን የሚያስፈራባቸው ፊልሞች ብዙዎች ናቸው። ቀድሞ በየቪዲዮ ቤቱ ይታዩ ነበር፤ ዛሬ በሴቻም ሆነ በሲቀላ በየወጣቱ የእጅ ስልክ ላይ ይገኛሉ። ካህን የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ «ሰይጣን በሕፃን ላይ ሊያድር ይችላልን?» ተብሎ ነው። እኛን ግን ይበልጥ የሚያሳስበን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ተመልካቹ በመጨረሻ ምን እንዲመኝ ይደረጋል? የሚለው።

እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን «ዘ ኦመን» እንመልከት። አንድ አምባሳደር በሮም ሆስፒታል ተቀብሎ እንደ ልጁ ያሳደገውን ዳሚየንን ይጠራጠራል። ልጁ በተኛበት ጠጉሩን በመቀስ ቆርጦ ቢያይ ሦስት ስድስት ቁጥሮች ያገኛል። ከዚያም ጩቤ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስደዋል። ፖሊስ አባትየውን ተኩሶ ሲገድል ተመልካቹን የሚያስከፋው የልጁ መትረፍ ነው። ውድ አንባብያን፥ ይህን ልብ እንበል፤ የ5 ዓመት ሕፃን ባለመገደሉ ቅር ብሎን ከመቀመጫችን እንነሣለን። ዊልያም ማርች እ.ኤ.አ. በ1954 በጻፈው «ዘ ባድ ሲድ» በተባለው ልብ ወለድ ነፍሰ ገዳይዋ ልጅ በሕይወት ትቀራለች። ከ2 ዓመት በኋላ ፊልሙ ሲሠራ ግን የአሜሪካ የፊልም ደንብ ወንጀል ሳይቀጣ እንዲያልፍ ስለማይፈቅድ በመብረቅ እንድትሞት ተደረገ። ጨዋነትን ለማስከበር ሕፃን በመብረቅ መምታት!

ልብ ወለድ ነው ብሎ የሚያልፈው ይኖራል። ከአርባ ምንጭ በኮንሶ በኩል ወደ ደቡብ ኦሞ የወረደ ሰው ግን እንዲህ ለማለት ይቸገራል። በካራ፣ በሐመርና በበና ሕዝቦች ዘንድ «ሚንጊ» የተባለ ልማድ ይታወቃል። የላይ ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የበቀለ፣ መንታ ሆኖ የተወለደ፣ ወይም ወላጆቹ ተገቢውን ሥርዓት ሳይፈጽሙ የወለዱት ሕፃን ድርቅና በሽታ ያመጣል ተብሎ ይታመን ነበር። በዚህም በዱር የተጣሉ፣ ወደ ኦሞ ወንዝ የተወረወሩ ሕፃናት ብዙዎች ናቸው። ሽማግሌዎቹ ይህን ያደርጉ የነበረው ዝናብ ቀርቶ ሕዝቡ እንዳያልቅ ብለው እንጂ ከጭካኔ አልነበረም። ቀያፋም በሸንጎው ፊት የተከራከረው በዚሁ መንገድ ነው።

በሁለቱም ዘንድ በሕፃኑ ላይ የሚፈረደው በገላው ላይ በተገኘ ምልክት ነው። አምባሳደሩ ከጠጉር ሥር ይፈልጋል፤ ሽማግሌው ድድ ይመለከታል። በፊልሙ ውስጥ ደራሲው ስላዘዘ ምልክቱ አይዋሽም፤ የፊልሙም አደጋ እዚህ ላይ ነው፤ ምልክት አይቶ መፍረድን ያለማምደናል።

ሕፃን ሁሉ መልአክ ነው ማለታችን አይደለም። ቅዱስ አጎስጢኖስ ጡት በሚጋራው ሕፃን ላይ ስለሚቀና ጨቅላ በ«ኑዛዜ» መጽሐፉ ጽፏል፤ ታናሹን በድንጋይ የሚፈነክት ልጅም በየመንደሩ አይጠፋም። ይሁን እንጂ የቤተ ክርስቲያን ሕግ 7 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ለሥራው ኃላፊ አያደርገውም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም 9 ዓመት ያልሞላውን በወንጀል አይጠይቅም። ሁለቱም ሕጎች ጥፋቱን አይክዱም፤ ልጁ እስኪያድግ ይጠብቃሉ። ፊልሙ ግን ይህን ጊዜ ይነፍገዋል፤ ዳሚየን በ5 ዓመቱ የተፈጸመ ሰው ነው።

ካራዎች ልማዱን በ2004 ዓ.ም. በይፋ አስቀርተዋል። ከዚያም በፊት ላሌ ላቡኮ የተባለ የካራ ተወላጅ ከሞት ያተረፋቸውን ሕፃናት በጂንካ ከተማ ሰብስቦ ማሳደግና ማስተማር ጀምሮ ነበር። የተፈሩበት የላይ ጥርስ የወተት ጥርስ ነውና እንደ ማንኛውም ልጅ በ7 ዓመት ገደማ ይወልቃል።