ባሕር ይከፈላል ብሎ ሰው ማስከተል

 

በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የፈለግሁት ጥያቄ አንድ ነው። ሰው በአላህ ላይ ያለውን ተወኩል መሠረት አድርጎ የሌላውን ሰው ሕይወት ለአደጋ ሊያጋልጥ ይገባዋልን? በገዛ ነፍሱ ላይ ሲሆን ነገሩ በእርሱና በጌታው መካከል ነው። ሚስቱን፣ ልጁን፣ ደረሳውን፣ ጎረቤቱን አስከትሎ «አላህ ያውቃል፣ እንሂድ» ሲል ግን ጉዳዩ መልኩን ይለውጣል። ይህን የምለው በአካባቢያችን የተፈጸመ አንድ ታሪክ ሲያሳስበኝ ስለኖረ ነው።

እንፍራንዝ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የምትገኝ ጥንታዊ ከተማ ናት። በ16ኛው መቶ ዘመን ዓፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩት የጉዛራ ግንብ ከአጠገቧ ነው። እ.ኤ.አ. በ1700 ገደማ አገሩን ያየው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ፣ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን በግልጽ የሚፈጽሙባት፣ ቤታቸውም ከክርስቲያኖች ቤት ጋር የተቀላቀለባት ከተማ እንደነበረች ጽፎልናል። በጎንደር ሙስሊሞች ተለይተው ለብቻቸው እንዲኖሩ እ.ኤ.አ. በ1668 ተወስኖ ስለነበር፣ የፖንሴ ምስክርነት ለእኛ ቀላል አይደለም። ከእንፍራንዝ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ሐይቁን ይዞ የተዘረጋው ሜዳማ አገር ደግሞ ደምብያ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በደምብያና በዙሪያው ቤተ እስራኤል የሚባሉት ወገኖች ይኖሩ ነበር። ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው፣ ሸማ ሸምነው የሚያድሩ፣ ከርስት መሬት የተገፉ፣ በገበያ ሲፈለጉ በሰፈር የሚሸሹ ሰዎች ነበሩ። በዓፄ ቴዎድሮስ ዘመን በዚህ ላይ ሌላ ጭንቀት ተጨመረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1860 ሄንሪ ስተርን የተባለው ሚስዮናዊ ከአውሮፓ መጥቶ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ መስበክ ጀመረ፤ ማርቲን ፍላድ የተባለውም በዚሁ ሥራ ተሰማርቶ ነበር። ክርክሩ እስከ ንጉሡ ፊት ደረሰ። በዚህ መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1862፣ አባ ማሃሪ የተባሉ መነኩሴያቸው ተነሡ። ጊዜው ደርሷል፣ ወደ ተስፋይቱ ምድር እንሂድ፣ ቀይ ባሕርም ለሙሳ (ዐ.ሰ.) እንደተከፈለ ለእኛም ይከፈላል አሉ። ሕዝቡም ቤቱን ዘግቶ፣ ሽማግሌውንና ሕፃኑን ይዞ ተከተላቸው።

ባሕሩን አላዩትም። ጉዞው ትግራይ ውስጥ፣ ወደ አክሱም ግድም ተሰናከለ። ስንቅ አለቀ፤ ረኃብና በሽታ ገባባቸው። ብዙዎች በየመንገዱ ወደቁ። ከተረፉት አንዳንዶቹ በትግራይ ቀሩ፤ ሌሎቹም ከዓመታት በኋላ ወደ ወጡበት አገር ተመለሱ። ቤቱ የፈረሰበት፣ ልጁን መንገድ ላይ የቀበረ ሰው ወደ ቀዬው ሲመለስ ጎረቤቱ ምን ብሎ እንደሚቀበለው አስቡት።

በእነዚህ ሰዎች ላይ መሳለቅ ለእኛ አይገባም። ከ16 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1878፣ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ በዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ሙስሊሙ በ3 ዓመት ውስጥ እንዲጠመቅ ሲወሰን የእኛም አያቶች በዚያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመዋል። ከጎንደር ወደ መተማና ወደ ሱዳን፣ ከወሎ ወደ አርሲ፣ ወደ ሐረርና ወደ ጅማ የፈለሱ ነበሩ። ቀን ክርስቲያን መስለው ሌሊት የሚሰግዱም ነበሩ። ሃይማኖቱን ሊቀሙት የመጡበት ሰው ሲጨንቀው መንገድ መፈለጉ ተፈጥሮው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ መውጣታቸው አይደለም። ያወጣቸው ሰው በእጁ ምን ይዞ ነው ያወጣቸው? የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ይህን ለመመዘን በዚያው ዘመን በሌላው የዓለም ጫፍ የሆነውን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ ጆሴፍ ስሚዝ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1830 የመሠረተው ሃይማኖት ተከታዮች ሞርሞን ይባላሉ። ሰውየው ነብይ ነኝ ማለቱን እኛ አንቀበልም፤ የነብይነት በር በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ተዘግቷል። ታሪኩን የማነሳው ስለ አመራራቸው ነው። ከየቦታው ሲባረሩ ቆይተው ኢሊኖይ ውስጥ ናቩ የተባለች ከተማ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1844 ስሚዝ በእስር ቤት ሳለ ግር ብሎ የመጣ ታጣቂ ገደለው። ማን ይምራን በሚለው ጉዳይ ተከፋፈሉ፤ አንዱ ሲድኒ ሪግደንን፣ አንዱ ጄምስ ስትራንግን ሲል አብዛኛው ብሪገም ያንግን ተከተለ።

ያንግ አናጢ የነበረ ሰው ነው፤ ሥራውም የአናጢ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1846 ክረምት ከናቩ ሲወጡ ፊተኞቹ በየመንገዱ እርሻ እያረሱ፣ እህል እየዘሩ፣ ለኋለኞቹ ትተው ያልፉ ነበር። እንዲያም ሆኖ በሚዙሪ ወንዝ ዳር በከረሙበት ጊዜ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በበሽታ ሞተውባቸዋል። በማግሥቱ ዓመት ያንግ ሕዝቡን ሁሉ ይዞ አልተነሣም። 143 ወንዶች፣ 3 ሴቶችና 2 ልጆች ያሉበትን ቡድን አስቀድሞ ይዞ መንገዱን ጠርጎ፣ ስለ አገሩ የተጻፈውን የመንገደኞች ዘገባ አንብቦ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 1847 ሶልት ሌክ ሸለቆ ደረሰ። ብዙው ሕዝብ የተከተለው ከዚያ በኋላ ነው።

ይኸው ሰው ግን ከ9 ዓመት በኋላ ሌላ ነገር አደረገ። ከአውሮፓ የሚመጡ ድሆች በዙ፤ የሠረገላና የበሬ ገንዘብ አነሰ። ስለዚህ ሰዎቹ ባለ ሁለት እግር የእጅ ጋሪ እየጎተቱ ከ2000 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው እንዲጓዙ ዕቅድ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1856 ከወጡት ቡድኖች ሦስቱ ቀድመው ተነሥተው በሰላም ደረሱ። የዊሊና የማርቲን የተባሉት ሁለት ቡድኖች ግን ዘገዩ። ጋሪዎቹ በደንብ ካልደረቀ እንጨት የተሠሩ ስለነበሩ በየመንገዱ ይሰባበሩ ነበር። መሪዎቹ አምላክ በረዶውን ይመልስልናል ብለው አጽናኑአቸውና በነሐሴ ወር መጨረሻዎቹን መንደሮች ለቀው ወደ ምድረ በዳው ገቡ። በጥቅምት በረዶው ወረደ። ከ1000 ያህል ሰዎች ከ200 በላይ ሞቱ። ያንግ መዘግየታቸውን በሰማ ማግሥት ሕዝቡን ሰብስቦ ዛሬ ሃይማኖታችን እነዚህን ሰዎች ማምጣት ነው በሚል ሐሳብ በቅሎና ዱቄት አሰልፎ ላከ፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ዕቅዱ የራሱ ሆኖ ሳለ ጥፋቱን በበታቾቹ ላይ ማላከኩ ለእኔ አይዋጥልኝም።

እንግዲህ በሁለቱ ጉዞዎች መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከቱ። እምነቱም መሪውም አንድ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ያልመጣው ሰው ሆድ ታስቦለታል፤ በሁለተኛው ጊዜ የጎደለው ስንቅ በተስፋ ቃል ተሞላ።

ወደ እኛው ሲራ እንመለስ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሶሓቦቻቸውን በነብይነታቸው 5ኛ ዓመት ወደ ሐበሻ ሲልኩ፣ ባሕሩ ይከፈልላችኋል አላሉአቸውም። በዚያ አገር ከእርሱ ዘንድ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ እንዳለ ነገሯቸው፤ ይህ ዕውቀት ነው። ባሕሩን የተሻገሩት ለነጋዴ መርከብ ዋጋ ከፍለው ነው። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዎች ጋር የገዛ ልጃቸው ሩቀያና ባለቤቷ ዑስማን (ረ.ዐ.) ነበሩ፤ በኋላም የአጎታቸው ልጅ ጃዕፈር (ረ.ዐ.) ሄዷል። ለሰው ልጅ ያሰቡትን መንገድ በገዛ ልጃቸው ጀመሩ ማለት ነው። ለመዲናው ሂጅራ ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይርን (ረ.ዐ.) አስቀድመው ላኩ፤ ከመዲና ሰዎች ቃል ኪዳን ተቀበሉ፤ ሙእሚኖቹን በየቡድኑ አስወጡ። በግድ ከተያዙት በቀር መካ ውስጥ ከሳቸው ጋር የቀሩት አቡበከርና ዐሊ (ረ.ዐ.) ብቻ ነበሩ። ሲወጡም መንገድ የሚያውቅ መሪ ቀጠሩ፤ ሰውየው ሙስሊም እንኳ አልነበረም። በሠውር ዋሻ 3 ሌሊት ተደበቁ። አስማእ (ረ.ዐ.) ስንቅ ታዘጋጃለች፣ ወንድሟ ዐብደላህ ወሬ ያመጣል፣ ዓሚር ኢብኑ ፉሀይራ በጎቹን እየነዳ የእግራቸውን ዱካ ያጠፋል። ዐሊ (ረ.ዐ.) ደግሞ ሰዎች እሳቸው ዘንድ ያስቀመጡትን አማና ለየባለቤቱ እንዲመልስ ወደ ኋላ ቀረ። ለሰው ገንዘብ ይህን ያህል የተጠነቀቁ መልእክተኛ ለሰው ነፍስ ምን ያህል ይጠነቀቁ እንደነበር ለእናንተ እተዋለሁ።

ዓረብኛው ሰበብ የሚለው ቃል ወደ አንድ ነገር የሚያደርስን መንገድ ያመለክታል። በእኛ አማርኛ ሰበብ ማመካኛ ሆኖ ቀረ። አንዳንዴ በቃሉ ብቻ ሳይሆን በነገሩም እንዲሁ ያደረግን ይመስለኛል።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ሊቀርብብኝ ይችላል። ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ሐጀርንና የሚጠባ ልጃቸውን ኢስማዒልን ውኃ በሌለበት ሸለቆ ትተው አልሄዱምን? ሄደዋል። ነገር ግን ሐጀር ተከትላ አላህ አዞህ ነውን ብላ ጠየቀች፤ አዎን ሲሏት ነው እንግዲያስ አይጥለንም ብላ የተመለሰችው። ጥያቄዋ የእምነት ማነስ ተብሎ አልተቆጠረባትም። የተቀበለችውም መልስ የወሕይ መልስ ነው። ኢብራሂምም ሲሄዱ ተምርና ውኃ ትተውላት ነበር። ውኃው ሲያልቅ ደግሞ ቁጭ ብላ አልጠበቀችም፤ በሰፋና በመርዋ መካከል 7 ጊዜ ተመላለሰች። ሙሳም (ዐ.ሰ.) ባሕሩን በበትራቸው የመቱት ታዘው ነው። ከሙሳ በኋላ ያለ፣ ወሕይ የማይወርድለት ሰው ያንን በትር አንሥቶ ሕዝብ ሊያስከትልበት አይችልም። በገዛ ነፍሴ ላይ የምመካው መመካት ተወኩል ሊሆን ይችላል፤ በእጄ የገባች የሌላ ሰው ነፍስ ግን አማና ናት፤ ስለ አማና ደግሞ እንጠየቃለን።

ይህን ሁሉ የማወራው ለጥንት ሰዎች ብቻ አይደለም። በእንፍራንዝ በኩል የሚያልፈው መንገድ ጎንደርን አልፎ መተማ ይደርሳል። ለብዙ ዓመታት ልጆቻችን በዚያ በኩል ወደ ሱዳንና ወደ ሊቢያ፣ ሌሎቹም በጅቡቲ በኩል ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ሲሄዱ አይተናል። አባ ማሃሪ ይከፈላል ያሉትን ያንኑ ቀይ ባሕር በተጨናነቀ ጀልባ ሲሻገሩ የሰጠሙ አሉ። ለእንጀራ መሰደድ ኃጢአት አይደለም፤ ሂጅራ ብሎ መጥራቱን ግን አልወደውም። ደላላው ጠዋት ሻይ ቤት ተቀምጦ «አላህ ካለ ምንም አይሆኑም» ይላል። ይህን የሚለው በራሱ ልጅ ላይ አይደለም። ያመነው አባት በሬውን ሸጦ ይከፍላል፤ እናት ዱዓ አድርጋ ትሸኛለች። ልጅቷ ገና 16 ዓመቷ ነው፤ ማን ይቀበልሽ፣ ቤቱ የማን ነው፣ ብትታመሚ ለማን ትደውያለሽ ብሎ የጠየቃት የለም። ሐጀር እንኳ ጠይቃለች።

የመሪውን ነገር ካነሣሁ ዘንድ የተከታዩንም ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም፤ እርሱ ይከብደኛልና። ከዚያ ከዘገየው የዊሊ ቡድን ጋር ሌቪ ሳቬጅ የሚባል ሰው ነበር። መንገዱን ያውቀዋል። ከመነሣታቸው በፊት በስብሰባ መካከል ቆሞ፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት በብርዱ ያልቃሉ፣ እዚሁ እንክረም ብሎ እያለቀሰ ተናገረ። እምነት ጎደለህ ተብሎ ተገሠጸ። ድምፅ ሲሰጥ አብዛኛው እንሂድ አለ። ሳቬጅም ትቷቸው አልተመለሰም፤ እንግዲያስ ከሄዳችሁ አብሬአችሁ እሄዳለሁ፣ የምችለውን እረዳለሁ ብሎ ጋሪዎቹን ተከተለ። አንዳንድ ወንድሞች ይህን ስነግራቸው ስህተት መሆኑን እያወቀ መከተሉ ራሱ ጥፋት ነው ይላሉ። እኔ እንደዚያ አይታየኝም። እውነቱን መናገር ባለበት ቦታ፣ ሰሚ ባለበት ሰዓት ተናግሯል። ከዚያ በኋላ የደከመውን የሚያነሣ፣ የሞተውን የሚቀብር ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። በደምብያ ሰዎች መካከል እንዲህ ያለ ሰው ተነሥቶ ከሆነ ስሙ አልደረሰንም። በየሰፈራችን ግን ሻይ ቤት የተባለውን የሰሙ፣ መንገዱንም ሄደው ያዩት፣ ተመልሰውም ዝም ያሉ ወጣቶች አሉ።