ቅድስናና ጨዋታ

በጸሎት ቤታችን የውጭ ግድግዳ ላይ ልጆች ሥዕል ይሣሉ ወይስ አይሣሉ በሚል በመካከላችን ክርክር ተነሥቷል። ጥያቄው የቀለም ብቻ አይደለም። ቅድስና የሚጠበቀው ሰውን በማራቅ ነው ወይስ በማቅረብ?

የሚቃወሙት ወገኖች ሐሳብ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ጨዋታ ሲለመድ ፈሪሃ እግዚአብሔር ይላላል ይላሉ። ቤቱንና የአባቶቹን መቃብር ትቶ ለተሰደደ ሰው ማንም ያልደፈረው አንድ ሥፍራ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ይህንንም መጫወቻ አታድርጉብን ቢል አንፈርድበትም።

ሆኖም የገዛ ልማዳችንን እንመርምር። ቤተ ክርስቲያናችን ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብላ በሦስት ትከፈላለች። ራሱን ያልበቃ አድርጎ የቆጠረ ደግሞ ደጁን ስሞ ከውጭ ይመለሳል። ነገር ግን በከተራ ዕለት ታቦቱ ራሱ ሕዝቡ ወዳለበት፣ ወደ ውሃው ይወርዳል። ከበሮው፣ እልልታው፣ የጎረምሶች ጭፈራ፣ የሎሚ ውርወራው ሁሉ በዚያው በዓል ነው። ታቦቱ ግን እንደ ተሸፈነ ነው፤ ይወጣል እንጂ አይገለጥም። ስለዚህ መቅረብና መከበር አይጣሉም። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከጣሪያው ቁልቁል የሚያዩን የመላእክት ፊቶችም ፊደል ላልቆጠረው ጭምር ይናገራሉ።

ጁባም የምታስተምረን አላት። ጆን ጋራንግ እ.ኤ.አ. በ2005 ያረፉበት ሥፍራ መቃብር ነው። የ2011 የነጻነት በዓል የተከበረው ግን እዚያው ነው፤ በ2023 የሮማው ፓፓ ፍራንሲስ ለሕዝብ የቀደሱትም እዚያው ነው። የሰው ብዛትና እልልታ ሟቹን አላዋረደም። በ2016 የተነሡት የአና ታባን ወጣቶችም በጦርነቱ መካከል የከተማይቱን ግድግዳዎች ሥለውባቸዋል። ስማቸው በጁባ ዐረብኛ «ደክሞኛል» ማለት ነው። የደከመ ሰው ቀለም ቢያነሣ ሐዘኑን አቀለለ አይባልም።

ልዩነቱ በጨዋታና በፌዝ መካከል ነው። ፌዝ የሌላውን አምልኮ ያናንቃል፤ ጨዋታ ግን ልጁን፣ ዐቅመ ደካማውን፣ የሌላ እምነት ጎረቤቱን «ግባ» ይለዋል።

እንግዲህ አስተያየታችን ይህ ነው፦ መቅደሱ በመጋረጃው ይኑር፤ የውጭው ግድግዳ ግን ለልጆች ይሰጥ። የሚሣለውን ሽማግሌዎች አስቀድመው ይዩት፤ አይሆንም ያሉት ይቅር። በስደት የተወለደ ልጅ የአባቱን አገር ደብር አያውቅም። የሚያውቀው ይህን ደጅ ነው። ይህንንም እጁ ካልነካው ነገ ምን ብሎ ይጠብቀዋል?