ጌሾና ቱሊፕ

ሰው የሚወደውን ሲመርጥ ብዙ ጊዜ ዓይኑ ከልቡ ይቀድማል። ዓይንም የሚፈርደው ባየው ነገር ብቻ ስለ ሆነ፣ ያላየውን ድካም ሳይቈጥር ይፈርዳል። እንዲህ ያለው ፍርድ በአትክልት ላይ ሲሆን ጉዳቱ ቀላል ነው፤ በሰው ላይ ሲሆን ግን ቤትን ያፈርሳል፤ ወንድምን ከወንድም፣ እኅትን ከእኅት ያለያያል። ስለዚህ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንድንደርስ፣ አስቀድመን ሁለት ተክሎችን እናወዳድር። አንደኛው ከጓሯችን የማይጠፋው ጌሾ ነው፤ ሁለተኛው በብርድ አገር የሚያብበው ቱሊፕ የተባለው ተክል ነው።

ጌሾን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ቅጠሉ ደርቆ ይወቀጥና ለጠላ ይሆናል፤ እንጨቱም ለጠጅ ይገባል፤ የመጠጡን ምሬት የሚሰጠው እሱ ነው። ቍጥቋጦው ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ነው። አበባው ግን እጅግ ጥቃቅንና ከቅጠሉ መልክ የማይርቅ ስለ ሆነ፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ አያየውም። «ጌሾዬ አብቧልና ኑ እዩልኝ» ብሎ ጐረቤት የጠራ ሰው ከቶ አልተሰማም።

ቱሊፕ ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው። ከመሬት በታች ሽንኩርት የሚመስል ራስ አለው፤ በአውሮፓ የጸደይ ወራት ከዚያ ራስ ቅጠልና አንድ ዘንግ ይወጣል፤ በዘንጉም ጫፍ እንደ ጽዋ ያለ ውብ አበባ ይፈካል። መነሻው የመካከለኛው እስያ ተራራማ አገር ሲሆን፣ በቱርኮች ዘንድ ከከበረ በኋላ ወደ ምዕራብ አውሮፓ ተሻገረ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1593 ዓ.ም. ካሮሉስ ክሉሲዩስ የተባለው የዕፅዋት ሊቅ ወደ ሆላንድ አገር፣ ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ መጥቶ በዚያ ተከለው፤ በማግሥቱ ዓመትም አበበለት። ከዚያ ወዲህ የሆላንድ ሰዎች ፍቅሩ ስላደረባቸው፣ ለአንዳንዱ ብርቅ ራስ የአንድ ቤት ዋጋ እስከ መጠየቅ ደረሱ፤ ሆኖም በ1637 ዓ.ም. ገበያው በድንገት ወደቀና ብዙ ሰው ተደናገጠ። ይህን ሁሉ ያደረገ አበባ ግን ከፈካ በኋላ የሚቈየው አንድ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ያህል ነው።

እንግዲህ ለአትክልት ቦታ ከሁለቱ ማንኛው ይሻላል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሰዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን፣ «ጌሾ ይሻላል፤ ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ያገለግላልና። ቱሊፕ ግን ለጥቂት ቀን ታይቶ፣ የቀረውን ጊዜ መሬት ውስጥ ተኝቶ የሚያሳልፍ ሰነፍ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «አረንጓዴ ነገር የትም አለ፤ ልብን ደስ የሚያሰኝ አበባ ነው። ጌሾ ምን ይደክማል? ምንጊዜም እንደዚያው ነው» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም የሚናገሩት በዓይናቸው ያዩትን ነው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም ተሳስተዋል።

ቱሊፕ ሰነፍ አይደለም። አበባው ከረገፈ በኋላ ቅጠሉ ለብዙ ሳምንታት ከፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠራ ወደ ታች ይልካል። አሮጌው ራስ ያለውን ስንቅ ሁሉ ለአበባው ከፍሎ ያልቃልና፣ በዚህ ምግብ አዳዲስ ራሶች አድገው ይተኩታል። ቅጠሉም ደርቆ ከምድር በላይ ምንም በማይታይበት ጊዜ፣ ለሚመጣው ዓመት የሚሆነው አበባ በራሱ ውስጥ በጥቃቅኑ ይቀረጻል። ቀጥሎም ብርዱን መቀበል አለበት፤ ለሦስት ወር ያህል ቅዝቃዜ ካላገኘ በደንብ አያብብም። እኛ እንቅልፍ ያልነው ጊዜ ለእሱ የዝግጅትና የመከራ ጊዜ ነው።

ራሱን ለሽያጭ የሚያለሙ የሆላንድ ገበሬዎች ይህን ስለሚያውቁ፣ አበባው እንደ ፈካ ይቀነጥሱታል፤ ቅጠሉን ግን አይነኩትም። የማያውቅ ሰው ይህን ይገለብጠዋል። አበባው እስኪረግፍ ድረስ ይንከባከበዋል፤ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ግን፣ «ከእንግዲህ ምን ይሠራልኛል? ግቢዬን አበላሸው» ብሎ ያጭደዋል። በሚመጣውም ዓመት አበባ ሲያጣ ራሱን ሳይሆን ተክሉን ይወቅሳል።

ጌሾም ቢሆን ያለ ድካም የሚለመልም አይደለም። ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው ማለት ቅጠሉ አይረግፍም ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ቅጠል ዕድሜው ሲደርስ ቢጫ ሆኖ ይወድቃል፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ቀን ስለማይወድቁና በወደቀው ፈንታ ሌላው ስለሚተካ፣ ጉድለቱ ለዓይን አይታይም። እንግዲህ ቱሊፕ ሥራውን ይሰውራል፤ ጌሾ ግን ጉዳቱን ይሰውራል። ከውጭ የሚያያቸው ሰው አንዱን ሥራ ፈት፣ ሌላውን ችግር የማያውቀው አድርጎ የሚገምተው ስለዚህ ነው።

አሁን ከጓሮው ወደ ቤት እንግባ። በአንድ ቤት ሁለት እኅትማማች አሉ እንበል። ታላቂቱ ወደ ዓረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት ትሠራለች፤ ታናሺቱ ከእናቷ ጋር ቀርታ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ እናቷ ሲያማቸው ሌሊት ትነሣለች። ታላቂቱ ከሦስት ዓመት በኋላ ለእንቍጣጣሽ ስትመጣ ቤቱ በእልልታ ይሞላል። ጐረቤት ይሰበሰባል፤ ያመጣችው ልብስ እየተዘረጋ ይታያል፤ እናትም፣ «ልጅ ማለት እንዲህ ነው» እያሉ ይመርቃሉ። በዚያ ሰዓት ታናሺቱ ከጓዳ ወደ ሳሎን እየተመላለሰች ትቀዳለች። ለእንግዳዪቱ ክብር የሚጠጣውን ጠላ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምራ የጠመቀች እሷ ናት፤ «እጅሽ ይባረክ» የሚላት ግን የለም። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እንግዳዪቱ ያመጣችው ገንዘብ ለአጐት ብድር፣ ለአክስት ልጅ ሠርግ፣ ለጣራው ቆርቆሮ እየተባለ ይከፋፈላል። ጥቂት አስቀርታ ሙያ ልትማርበት፣ ወይም ታምማ እንደ ሆነ ልትታከምበት ብታስብ፣ «ተለወጠች፤ ሰሰተች» ትባላለች። በሰው አገር ስንት ሌሊት ያለ እንቅልፍ እንዳደረች፣ ስንት ጊዜ በኵሽና ውስጥ ብቻዋን እንዳለቀሰች የሚጠይቃት የለም። ሰዎቹ ያዩት አበባውን ብቻ ነውና። የቀረቻትም ጥቂት ገንዘብ ለእሷ እንደ ቱሊፕ ቅጠል ናት፤ ያችን ካጨዱባት ለከርሞ የሚያብብ ነገር አይኖራትም።

ሁለቱ እኅትማማችም ራሳቸው በዚሁ የዓይን ፍርድ ይወድቃሉ። ታናሺቱ፣ «እሷ በድሎት ኖራ ለምስጋና ብቻ ትመጣለች» ስትል፣ ታላቂቱ ደግሞ፣ «እኔ በሰው አገር ስንከራተት እነሱ በቤታቸው ተቀምጠው ይበላሉ» ትላለች። አንዲቱ የሌላዪቱን ብርድ አታውቅም፤ ሌላዪቱም የረገፈውን ቅጠል አልቈጠረችም። በዚህ ምክንያት በመካከላቸው ቅናት ይገባል።

ምናልባት አንድ ሰው፣ «ከሩቅ የመጣውን በደስታ መቀበል የተፈጥሮ ነገር ነው፤ እናት እልል ብትል ምን ጥፋት አለባት?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ እልልታው ጥፋት አይደለም። አበባን አይቶ የማይደሰት ልብ ደረቅ ነው። ጥፋቱ እልልታው ብቻውን የፍርድ ሚዛን ሲሆን ነው። ደስታ ለሚታየው ነገር መሆኑ ደግ ነው፤ ምስጋና ግን ከዚያ አልፎ የማይታየውን መፈለግ አለበት። ማመስገን ማለት ሌላው ሰው ለእኛ ምን እንደ ከፈለ መርምሮ ማወቅ ነውና። ይህን ሳያውቁ የሚያመሰግኑት ምስጋና ለስጦታው እንጂ ለሰጪው አይደርስም።

ስለዚህ፣ ከሁለቱ ተክሎች ማንኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ መጀመሪያውኑ ትክክል አልነበረም። አትክልተኛው ሊጠይቅ የሚገባው፣ «ይህ ተክል የሚኖረው በምንድን ነው? እኔስ የምወስደው ከሚተርፈው ነው ወይስ ከሚኖርበት?» ብሎ ነው። ጌሾ ምንጊዜም አለ ብለን ቅጠሉን ሁሉ ደጋግመን ብንገፈው ይደክማል። ቱሊፕም አበባው አልቋል ብለን ቅጠሉን ብናጭደው ይጠፋል። ሁለቱንም የሚያጠፋቸው አንድ ዐይነት ስሕተት ነው፤ ይኸውም የእኛን ጥቅም እንጂ የእነሱን ሕይወት አለማየት ነው።

እናንተ ወጣቶች፣ ከእናንተ አንዳንዱ በቤት የሚቀር፣ አንዳንዱም ርቆ የሚሄድ ነው። በቤት የቀራችሁ እንደ ሆነ፣ የሄደው ሲመለስ ስላመጣው ዕቃ ከመጠየቃችሁ በፊት እንዴት እንደ ኖረ ጠይቁት። ርቃችሁ የሄዳችሁም እንደ ሆነ፣ በተመለሳችሁበት ቀን ሻንጣችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ወደ ጓዳ ግቡ፤ ጠላውን የጠመቀውን እጅ ያዙና፣ «እኔ በሌለሁበት ይህን ቤት ያቆምሽው አንቺ ነሽ» በሉ። ይህን የሚያደርግ ወጣት በአንድ ቀን የሦስት ዓመት ዕዳ ይከፍላል።